በቁም የተጀመረ ሙሾ

ወንድሜ የሞተው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሞተው ለጥናቱ ሲል ነው፤ ቸሃ፣ አክስታችን ጓሮ፣ የኮባ ቅጠል ላይ ተጋድሞ፣ እየሳቀ።

ከመጀመሪያው ልናገር። ወንድሜ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቡታጅራ አባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ልብስ የለም። የናይጄሪያ፣ የኬንያ፣ የሴኔጋል ሰዎች የጻፏቸው ልብ ወለዶች ናቸው ያሉት። አባቴ አንዱን አንስቶ ያገላብጥና ወረቀቱ ጥሩ ነው ይላል። ወንድሜ ይናደዳል። እነዚህ ሰዎች የሚጽፉት አያቶቻቸው በአፋቸው ካሉት ነው፤ እኛ ግን የገዛ አያቶቻችንን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን የእነሱን እናስተምራለን እያለ ይሰብከናል። አንድ ቀን አባቴ፣ ታዲያ ምን ልታደርግ ነው ብሎ ጠየቀው። ሙሾ ላጠና ነው አለ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መዝሙር እንጂ ሙሾ የለም። ወደ መላጊያው ዞረ።

አክስታችን የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እሷ ጌታን አልተቀበለችም፤ ጌታም ቢሆን እሷን ለመቀበል ሳይፈራ አይቀርም። ከየመንደሩ የምትጠራ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ወንድሜ ድምፅ ሊቀዳበት ስልኩን ይዞ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። እንሰት እየፋቀች አገኘናት። ሙሾ አውርጂልኝ አላት። ማን ሞተ አለችው። ማንም አልሞተም አላት። ሟች ከሌለ ሙሾ የለም፣ ደንብ አይደለም አለች። ወንድሜ ትንሽ አሰበና ኮባው ላይ ተጋደመ።

«እኔ ሞቻለሁ፤ በይ ጀምሪ» አላት።

መፋቋን ሳታቆም ጀመረች። በቸሃ ቋንቋ ስለሆነ ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ። ቁመቱ ዝግባ፣ መነጽሩ ሁለት ጨረቃ እያለች አወደሰችው። ቀጥላ፣ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ሚስት ሳያይ የቀረ፣ ደመወዙን ለወረቀት የሰጠ አለች። ወንድሜ ብድግ አለ።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ስድብ ነው።»

«ሬሳ አይናገርም። ተኛ።»

መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን አቆመች። በእነሱ መንደር የሙሾው የመጨረሻ ስንኝ ሰውየው በቁሙ ሳለ አይባልም። ለመነ፣ ተለማመጠ። ታዲያ መቼ ነው የምትነግሪኝ አላት።

«ስትሞት ና።»

ሦስታችንም ሳቅን። ከሁሉም የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ጥናቱን ጻፈ። ገምጋሚዎች መለሱበት። ግጥሙ መጨረሻ የለውም፣ ቅጂው ውስጥም የመፋቅ ድምፅ አለ አሉት። ደጋግሞ አክስታችን ዘንድ ሄደ፤ መልሷ ያው ነው። በኋላ ነገሩ የቤታችን ቀልድ ሆነ። ሲደውልላት፣ አልሞትክም እንዴ ትለዋለች። ገና ነኝ ይላታል።

ባለፈው ክረምት ሞተ። ጉበቱ ነው አሉ። መታመሙን በቅጡ ሳናምን... ሞተ።

ድንኳኑ ቡታጅራ ተተከለ። የወንድሜ አለቃ፣ ዶክተር ነው፣ ተነስቶ ንግግር አደረገ። አፍሪካ ምሁሯን አጣች አለ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አፍሪካ ታውቀው ነበር ወይ አለኝ። እንጃ አልኩት። «ታዲያ ለምን ለቅሶ አልመጣችም?» አለ። አባቴ ሲያዝን እንዲህ ነው የሚናገረው።

አክስቴ መጣች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልትጀምር ነው ብለው ፈሩ። አባቴም አስቀድሞ፣ እህቴ አደራሽን ብሏት ነበር። እሷ ግን ጥግ ተቀምጣ ትንፍሽ አላለችም። ዘማሪዎቹ በደንብ ዘመሩ። እህል ሳትቀምስ ተመለሰች። በኋላ እንደሰማነው፣ ለማንም ሙሾ ማውረድ ትታለች። ልጁን በአፌ ገደልኩት ብላለች።

ከጊዜ በኋላ ዶክተሩ ደወለልኝ። ጥናቱን ለወንድሜ መታሰቢያ ሊያሳትሙት ነው፤ መጨረሻው ስልኩ ውስጥ ይኖር ይሆን አለኝ። የለም። እውነቱን ለመናገር ጥናቱ አላስጨነቀኝም። ሙሾው ተጀምሮ ሳያልቅለት የቀረ ሰው የት ነው የሚያርፈው? እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አባቴ አይጠየቅም። ወልቂጤ ኮምፔንሳቶ ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ፤ ከወልቂጤ በሚኒባስ ቸሃ ገባሁ።

አክስቴ ጓሮዋ ውስጥ ተቀምጣለች። እጇ ሥራ አልያዘም። ስታየኝ፣ «ደግሞ አንተ ልትሞት መጣህ?» አለችኝ። ለመሳቅ ግን አልሞከረችም።

«አይ... እሱ... አልጨረስሽለትም» አልኳት።

እኔ ነኝ የገደልኩት አለችኝ። ወንድሜ ቢሆን ከሴኔጋልም ከኬንያም አንድ ነገር ጠቅሶ ያጽናናት ነበር። እኔ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ጉበቱ ነው፣ አክስቴ። ጉበት ሙሾ አይሰማም።»

ገምጋሚዎቹ የጻፉትን ነገርኳት፤ መጨረሻ የለውም፣ ጫጫታ አለው ማለታቸውን። ከራሴም ጨመርኩበት፤ ይሄ ሰው የሚገድል ሙሾ አይደለም ብለዋል አልኳት። ቀና አለች።

«የእኔን ሙሾ ነው ያረሙት?»

«አዎ።»

«ቁም» ብላ ተነሳች።

ስልኬን ለማውጣት እጄን ኪሴ ልከት ስል ሁለቱንም እጆቼን ያዘቻቸው። ደንቡ እንዲህ ነው ለካ። የመጨረሻው ስንኝ ለሟች አይባልም፤ እጁን ይዘው ለሚቀረው ሰው ነው የሚሉት። እንዲገባኝ ቀስ ብላ አወረደችው። ሄዷል፤ ጫማውን አንተ አድርግ፣ ቢሰፋህም አድርገው። የአባቱን ቁጣ አንተ ቻል። እሱ ይስቅበት በነበረው ቦታ አንተ ሳቅ። ከዚያ ስሙን ጠርታ አሰናበተችው። ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ። የእኔም እንባ መጣ፤ እጆቼ ስለተያዙ ግን መጥረግ አልቻልኩም።

ስትለቀኝ፣ ቀዳኸው ወይ አለችኝ። እጄን ይዘሽው በምን ልቅዳ አልኳት። እንድትደግምልኝ ለመንኳት።

«አይደገምም። ከፈለግህ፣ ስትሞት ና።»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ተያየን። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ብቻ ጎረቤት አጥሩ ላይ እስኪሰበሰብ ሳቅን። ጎረቤቶቹ አበዱ ሳይሉን አልቀሩም።

ለዶክተሩ መጨረሻው አልተገኘም አልኩት። እሱም ጥናቱ ግርጌ እንደዚያው ጽፎ አሳተመው።

ያን ዕለት ቡታጅራ ስደርስ አባቴ ኮምፔንሳቶው የታለ አለኝ። አጣሁ አልኩት። ጫማዬ ላይ የተጣበቀውን የቸሃ ጭቃ ሲያይ ቆየ።

«ጨረሰችለት?» አለኝ።

«ጨረሰችለት።»

መላጊያውን አንስቶ ሳንቃው ላይ አሳረፈ። ወዲያው ግን መላግ አልጀመረም።

«ለምእመናኑ እንዳትናገር» አለኝ።