ሞያሌ ላይ ከእኔ የተደበቀው

ከዲላ ልወጣ ስል ማታ እማዬ አንገቴን በሻርፕ እየጠቀለለችልኝ "ለማንም እንዳታሳዪ፣ የሰው ዓይን ክፉ ነው" አለችኝ። ላሳየው አይደል እንዴ የምሄደው? አንገቴ ላይ የወጣው እብጠት ሎሚ አክሎ ነበር። አዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ለከርሞ ነው፤ የግሉን ደግሞ ቤታችንን ብንሸጥም አንችለውም። የአክስቴ ልጅ ጋሼ ሽመልስ ግን ከኬንያ ሞያሌ ደውሎ "እዚህ ከናይሮቢ እየተመላለሰ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም አለ፣ በርካሽ ይገላግልሻል" አለኝ። በርካሽ! እኔ ርካሽ ሲባል ቀድሜ የምጠረጥር ሰው ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

እማዬ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ጎህ ሳይቀድ ሻንጣዬን ራሷ ተሸክማ አውቶቡስ ተራ አደረሰችኝ። እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ ከኋላዋ ነበርኩ። እትፍ እትፍ ብላ መረቀችኝና "ስትደርሺ ደውይ" አለች። ታናሽ እህቴ መሲ ስታለቅስ እማዬ "አይሟረትም! ታክማ ልትመጣ ነው" ብላ ተቆጣቻት።

ኬላው ላይ የኬንያው ፖሊስ በቦረና ኦሮምኛ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ጋሼ ሽመልስ ሕክምና ካልሽ ጥያቄው ይበዛል ብሎኝ ስለነበር "ዘመድ ጥየቃ" አልኩት።

"ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በዚህ ሙቀት አንገቱን ለምን ይጠቀልላል?"

"በርዶኝ ነው።"

በሞያሌ ፀሐይ በረደኝ ማለቴን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። "ፍቺው" አለኝ። እሱ ወርቅ ደብቃለች ብሎ ጠርጥሯል፣ እኔ ሐብሌን ሊቀማኝ ነው ብያለሁ። ፈታሁት። አየና ፊቱ ተለወጠ፤ "ፖሌ ማማ፣ ፖሌ ሳና" አለኝ። እኔ ስድብ መስሎኝ "ራስህ ፖሌ!" ብዬው አለፍኩ። አይዞሽ ማለቱ እንደነበር የነገረኝ ጋሼ ሽመልስ ነው።

ጋሼ ሽመልስ መንግሥት ሲለወጥ ጊዜ ተሰዶ፣ ካምፕ ኖሮ፣ አሁን ሞያሌ ጎማ እየጠገነ ልጆች ያሳድጋል። ቤቱ ስለማይበቃን ማንያታ በሚባል ሰፈር፣ ማማ ሐሊማ ግቢ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየልኝ። አከራይቷ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሕጓን ደረደረች።

"ውሃ በቀን አንድ ጀሪካን። ወንድ ሐፓና፣ አይገባም። ሬዲዮ ቀስ። በሽተኛ ነሽ?"

"ለሕክምና ነው የመጣሁት።"

"እዚህ ቤት አትሞቺም አይደል? ሰው የሞተበትን ክፍል ማን ይከራየኛል?"

"እንግዲህ ላለመሞት እሞክራለሁ" አልኳት። አልሳቀችም። ውሃውን ስትሰፍር ጀሪካኑን ዓይኗ ድረስ አንስታ ነው የምታየው።

አገሬ ሰዎች፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዲላ ዝናቡ ሲያስመርረን እንራገም አልነበር? እዚህ ደመና ሲያልፍ ሰው ከቤት ወጥቶ ያያል። ኡጋሊ የሚሉት ደግሞ ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ ነው። አጎርሱኝ ብላችሁ እጅ ብትጠብቁ ጦማችሁን ታድራላችሁ፤ እያንዳንዱ በየሳህኑ አጎንብሶ ይበላል።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለቀ። ከአንገቴ የወጣውን ሥጋ ክፉ በሽታ እንዳለበት ለማየት ናይሮቢ ላኩት። እኔ ያላየሁትን ናይሮቢ ሥጋዬ አየ። ውጤቱ በመጣ ቀን ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ለጋሼ ሽመልስ አብራራለት። ጋሼ ሽመልስም "ተመስገን በይ፣ ክፉ ነገር የለውም" አለኝ። ደስ ብሎኝ ገና ከግቢው ሳንወጣ ስልኩ ጮኸ። ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ አወራና ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ማን ነው?"

"ደንበኛ ነው። ጎማው ተንፍሶበት።"

ለተነፈሰ ጎማ የሰው ዓይን ይቀላል? ነገሩ አልጥም አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ሰው ጥሩ ሆነ። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አለ? ማማ ሐሊማ የግመል ወተት ይዛ መጥታ "ጠጪ፣ ልጄ" አለችኝ። ልጄ! ውሃውንም መስፈር ተወች። የጋሼ ሽመልስ ሚስት ልብሴን ካላጠብኩ ብላ ነጠቀችኝ። እሱ ራሱ "ቁስሉ በደንብ እስኪደርቅ አገር ቤት አትሄጂም" ብሎ ቁርጥ አደረገ።

በእኛ ቤት የታመመ ሰው እውነቱ አይነገረውም። ሐኪሙም ዘመድን ጎትቶ ውጭ ያወጣል እንጂ ለበሽተኛው አይናገርም። አጎቴ ሆዱ አብጦ አልጋ ላይ ሲማቅቅ እስከ መጨረሻዋ ቀን "ብርድ ነው፣ ይለቅሃል" እያልን ዶሮ ወጥ ስናቀርብለት ነበር። ታዲያ የሞያሌው ወተት ምን እንደሆነ አይገባኝም? ዶሮ ወጤ ነው።

ቤት እደውላለሁ፤ መሲ ታነሣለች።

"እማዬን አገናኚኝ።"

"ገበያ ወጥታለች።"

በሌላው ቀን ቤተ ክርስቲያን ናት። ደግሞ በሌላው ጉንፋን ድምጿን ዘግቶታል። አሃ፣ አልኩ በሆዴ፤ ነግረዋታል። ልትሞት ነው ብለዋታል፤ ድምፄን ስትሰማ እሪ እንዳትል ነው ስልኩን የነፈጓት። ለራሴ ሳይሆን ለእሷ አለቀስኩ። ልጇን ለመቅበር የምትጠብቅ እናት እንዴት ትሆናለች? ማታ ማታ ይሄን ሳስብ ትራሴን እነክስ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ ሽመልስ ሥራ ላይ ሳለ ብቻዬን ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። "ማማ፣ ኡኮ ሳዋ። ኔንዳ ኙምባኒ" አለኝ እየሳቀ። ነርሷ አማርኛ የምትሞክር የቦረና ልጅ ነች።

"ምን ይላል?"

"ደህና ነሽ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ ይልሻል።"

ኧረ በስመአብ! ሐኪም ወደ ቤትሽ ሂጂ ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? አጎቴንም እኮ ወደ ቤት ውሰዱት ነው ያሉን፤ ፀበል ሞክሩ ብለው። "እውነቱን ንገሪኝ! ሽመልስ ምን ብሎ ነው አፋችሁን ያስያዛችሁ?" ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ደንግጣ ውሃ ሰጠችኝ። ውሃዋንም ጠረጠርኩት።

ያን ዕለት ማታ ጋሼ ሽመልስን አስቀምጬ "እንግዲህ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ። ስሞት ግን ሬሳዬን ዲላ አድርስልኝ፤ እማዬ እጅ ላይ" አልኩት። ይሄን ስለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። "ዝም በይ! አንቺ ደህና ነሽ፣ ዝም በይ!" እያለ ወጣ። በቃ፣ ቁርጤን አወቅኩ።

ቁስሌ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ገና ሰማዩ ሳይገለጥ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው ሰው ነው፦ ጋሼ ሽመልስና ሚስቱ፣ ማንያታ ያሉ አበሾች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ማማ ሐሊማ ምንጣፍ ይዛ ጥግ ቆማለች። ማንም እንደምን አደርሽ አላለኝም።

"ስንት ጊዜ ቀረኝ?" አልኳቸው።

ጋሼ ሽመልስ ወደ እኔ ቀረበ። "ወይኒ… አክስቴ… እማዬ ናት። እማዬ ዐርፋለች።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀድሞ የመጣልኝ እፎይታ ነው። እኔ አይደለሁም! ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ከዚያ ቃሉ ገባኝ። እንዴት እንደጮህኩ ማማ ሐሊማ ትንገራችሁ፤ ወገቤን ይዛ አብራኝ መሬት የወደቀችው እሷ ናት።

እማዬ ራቷን በልታ ተኝታ ጠዋት ሳትነቃ ቀረች። የምርመራዬ ውጤት በመጣበት ቀን ነው። የወይኒ ቁስል ሳይደርቅ አትስማ፣ ደንግጣ ትሞትብናለች ብለው ተማከሩ። አርባዋንም አወጡ። እኔ እሷ ታለቅስልኛለች ብዬ ሳለቅስ፣ እሷ አፈር ከለበሰች ከርማለች። መሲን ሰደብኳት፣ ጋሼ ሽመልስን ሰደብኩት። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ግን ምን አደርግ ነበር? ያው እሱኑ።

ዲላ አልተመለስኩም። ማማ ሐሊማ ደጅ የስፌት መኪና አቁሜ ዲራ የሚሉትን ሰፊ የሴት ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እሑድ እሑድ መሲ ጋ እደውላለሁ። "ሁላችንም ደህና ነን" ስትለኝ አልቀበልም፤ ባሏን አምጪ፣ ልጆቹን አምጪ፣ አንድ በአንድ ድምፃቸውን ካልሰማሁ ስልኩን አልዘጋም። ይስቁብኛል።

ባለፈው እሑድ የመጠርጠሩ ተራ የመሲ ሆነ።

"ምርመራ ሄድሽ?"

"ሄጄ ነበር። ምንም የለብሽም ብሎኛል።"

"ምንም ከሌለብሽ ለምን አትመጪም?"

ያለ እማዬ ያንን በር መግፋት ስለማልችል ነው። ይሄን ግን አልነገርኳትም።

"መንገዱ ሩቅ ነው" አልኳት። በአንድ ቀን እንደሚገባ ሁለታችንም እናውቃለን።

የመሲ ድምፅ ተለወጠ።

"ወይኒ፣ ስልኩን ለጋሼ ሽመልስ ስጪው።"