ሳይመረመር የተሞላ ጋዝ

ሐሙስ፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቡራዩ ውስጥ ከአምቦ መንገድ ዳር ባለችው የየህያ ጀማል ወርክሾፕ አንድ አሮጌ የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ክዳኑ ተነስቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋዙን የሚገፋው፣ የተቃጠለው ኮምፕረሰር ወጥቷል፤ ከሌላ ማሽን የተፈታ ምትክ ገብቶለታል። ከሁለቱ የመዳብ ቱቦዎች አንደኛው ተበይዷል፤ ሁለተኛው አልተበየደም። የህያ በዚያ ጠዋት በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ ልቡ ቀጥ ብሎበት፣ ጫማውን ሳያጠልቅ ቤቱ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

ኤሲው የሰበታዋ የጨርቅ ነጋዴ የራህመት ነው። በእኛ ከተሞች ሰው በብርዱ ያማርራል እንጂ ኤሲ የሚሰቅል ብዙ የለም። የራህመትን ልጅ ሲድራን ግን በስድስት ዓመቷ የፈነዳ ምድጃ ጀርባዋንና ክንዶቿን አቃጥሏታል። ቁስሉ ቢድንም ጠባሳው ላብ አያወጣም፤ ላብ የማያወጣ ገላ ደግሞ ሙቀቱን የሚያስተነፍስበት የለውም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣራ ስር ራሷን ያዞራታል፤ ያስመልሳታል። ስለዚህ ራህመት የዛሬ አስር ዓመት ከድሬዳዋ ከመጣ ሰው ያገለገለ ኤሲ ገዛች። የሰቀለውም፣ እንደ ሕመምተኛ ያስታመመውም የህያ ነበር።

ማስታመሙ እንደ አገሩ ልማድ ነው። ጋዙ ባነሰ ቁጥር ይሞላል፤ በየት በኩል እንደሾለከ የሚጠይቅ የለም። በ2014 ዓ.ም. የህያ ስልጠና ገባ። አር-22 የሚባለው፣ የሲድራ ማሽን የሚሠራበት ጋዝ፣ ከፀሐይ የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን እንደሚጎዳ፣ ወደ አገር የሚገባውም በየጊዜው እየተቀነሰ ኋላ ጭራሽ እንደሚቀር ተማረ። ቀዳዳው ሳይገኝ እንዳይሞላ፣ ምንነቱ ያልተረጋገጠ ጋዝ እንዳይነካ፣ የተሞላው የጋዝ ዓይነትና ቀን ማሽኑ ላይ ተጽፎ እንዲፈረምበት ተነገረው። ሰርተፍኬቱን በመስታወት አድርጎ ሰቀለ፤ እንደ ቃሉም ይሠራ ጀመር።

በሚያዝያ 2016 የሲድራ ኤሲ ማቀዝቀዙን ተወ። የህያ በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን ፈልጎ አገኘና በየደው። የቀረው ጋዙ ነው። የሚያውቃቸውን ሱቆች ሁሉ አዳረሰ፤ አር-22 የለም። ሱሉልታ ላይ ወተት የሚሰበስቡት ኦቦ ዲሪባ ግን ከአሮጌ የወተት ማቀዝቀዣቸው የተረፈ የአር-22 ሲሊንደር አላቸው ሲሉ ሰማ። ሰኞ፣ ሚያዝያ 7፣ ሄደ።

«ኮቱ፣ ና ተቀመጥ» አሉት ሽማግሌው። ወተት ያመጡ ገበሬዎች ከበዋቸዋል። «ለዚያች ለተቃጠለችው ልጅ ነው አሉ። ውሰደው። ዋጋ የሚባል ነገር እንዳትጠራብኝ!»

«ገለቶማ፣ ኦቦ ዲሪባ። ዕድሜ ይስጥዎት።» የህያ የግፊት መለኪያውን ጌጅ ሊያወጣ እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ።

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?»

«ግፊቱን ልየው ብዬ ነው። ንጹሕ ከሆነ ከዛሬው ሙቀት ጋር መግጠም አለበት…»

«ኧረ ስሙልኝ!» ኦቦ ዲሪባ ወደ ገበሬዎቹ ዞሩ። «ይሄ ሰው ሰርተፍኬት ካገኘ ወዲህ ጌጅ ሳይሰካ ውሃ አይጠጣም!»

ሁሉም ሳቀ፤ የህያም ሳቀ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ቀድመው ጨረሱ። «እኔ አር-22 ነው ካልኩህ፣ ነው።»

ሽማግሌ በነፃ የሰጠውን ነገር በሰው ፊት መመርመር «ዋሽተዋል» ከማለት አይለይም። የህያ እጁን ባዶውን ከቦርሳው አወጣ። ሰበታ ስደርስ አየዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። ሰበታ ሲደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ሲድራ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጠቅልላ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ታጠናለች። «ጋሼ የህያ፣ ዛሬ ይበራል?» አለችው። ሳይመረምር ሞላው። ወረቀት ላይ «አር-22፣ 7/8/2016» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ማሽኑ ላይ ለጠፈው።

ኤሲው ዘጠኝ ቀን ሠራ። ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16፣ አጓርቶ ቆመ። የህያ ሲከፍተው የኮምፕረሰሩ ዘይት ጠቁሯል፤ የቃጠሎ ሽታ አፍንጫውን መታው። ያኔውኑ ጋዙን ጠረጠረ። ራህመት አጠገቡ ቆማ «ምን ሆኖ ነው?» ስትለው ግን ከአፉ የወጣው «ዕድሜው ነው። እረፍትም አልነበረውም» የሚል ነበር።

«ምን ታደርግ፣ የህያ ወንድሜ። አስር ዓመት ያቆየኸው አንተ ነህ። አላህ ይስጥህ» አለችው።

ማሽኑን ጭኖ ቡራዩ ሲገባ ጋዝ የቀረበት ሲሊንደር ላይ ጌጁን ሰካ። ቀስቷ ለዕለቱ ሙቀት ከሚገባት በላይ ሄደች። ከዚህም ከዚያም ማሽን የተቀዳ ቅልቅል ጋዝ ነበር። ለኦቦ ዲሪባ የሞላላቸው ሰው አታሏቸው ይሆናል፤ እሳቸው በቅንነት ነው የሰጡት። ጌጅ ይዞ ያልለካው የህያ ነው።

እውነቱን ለራህመት ለመንገር አሥራ አራት ቀን ፈጀበት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰበታ የሚያስሄድ ሥራ ሲመጣ ሌላ ሰው ጠቆመ። በሁለተኛው ምትክ ኮምፕረሰር አገኘ፤ ሠርቼ ስሰቅለው ይረሳል ብሎ አሰበ። ግን በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የራሱ ነው፤ ብየዳ በጀመረ ቁጥር ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። ረቡዕ፣ ሚያዝያ 30፣ አንዱን ቱቦ በይዶ ሁለተኛውን ተወውና ታክሲ ያዘ።

ራህመት ሱቋን ዘግታ ለምሳ ቤት ገብታ ነበር። የህያ አልቀመጥም አለ።

«ኤሲውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ጋዙን ሳልመረምር ሞላሁት። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትም ውሸት ነው። ዕድሜው ነው ያልኩሽም ውሸት ነው።»

ራህመት ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ከየት ያመጣኸው ጋዝ ነው?»

«ከየትም ይምጣ። የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰውዬ!» ድምጿ ተሰበረ። «እረፍት አልነበረውም ስትለኝ እኔ ማንን እንደወቀስኩ ታውቃለህ? ይቺን ልጅ! ቀን ሙሉ እያበራሽ ገደልሽው አልኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልኳት!»

የህያ ይህን አላሰበውም ነበር። ሽማግሌውን ላለማሳፈር ብሎ ማሽኑን እንዳቃጠለ፣ ራሱን ላለማሳፈር ብሎ እውነቱን እንደቀበረ ያውቃል፤ ጥፋቱ ዞሮ ልጅቷ ትከሻ ላይ እንደወደቀ ግን አላወቀም። ሲድራ ከውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ከሙቀቱ ቀልቷል።

«ሲድራ፣ ልጄ…»

«እኔ ነኝ ብዬ ነበር» አለች። «ማራገቢያውን እንኳ ፈርቼ አላበራሁትም፤ እሱንም እንዳላቃጥለው።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የህያ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ ልጅቷ ቀደመችው።

«ማሽኑ እስኪሠራ ምን ላድርግ፣ ጋሼ የህያ? ፈተናው ደርሷል።»

«ማራገቢያውን አብሪው፤ አይቃጠልም። ገላሽን እያራስሽ ፊቱ ተቀመጪ። ጠባሳው ላይ ያለው ውሃ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞልሽ ይሄዳል።»

«ፎጣው ደብተሬን ያበሰብሰዋል።»

«ቆይ» ብሎ ወጣ።

ገበያው ውስጥ ለአበባ ውሃ መርጫ የሚሆኑ ፕላስቲክ ጠርሙሶች የሚሸጡበት ሱቅ አለ። የመጀመሪያው አፉ ላይ ያንጠባጥባል፤ መለሰው። ሁለተኛው በወፍራሙ ይተፋል፤ እሱንም መለሰው። ሦስተኛውን ውሃ አስሞልቶ ክንዱ ላይ ረጨው፤ እንደ ጉም ስስ ሆኖ ወጣ። ገዛው። ራህመት በሩን ከፈተችለት፤ ግባ አላለችውም፤ ግን ጠርሙሱን ተቀበለችው። የመርጫው አፍ በየት በኩል እንደሚጠመዘዝ አሳያትና፣ ሁለተኛውን ቱቦ ነገ ጠዋት እበይዳለሁ ብሎ፣ ወደ ቡራዩ የሚሄደውን ታክሲ ለመያዝ ወረደ።