በፍልሰታ የተበላው መስል

የባለቤቴ የተስፋዬ ሕመም የጀመረው ከከንፈሩ ነው። እሑድ አመሻሽ ላይ ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ካለው ቤታችን እንደገባ ከንፈሩን በጣቱ እየነካካ፣ ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋኝ ይመስላል አለኝ። ቀልድ ስለሚወድ ሳቅሁበት። ትንሽ ቆይቶ ምላሱ ደነዘዘ። ቀጥሎ ጣቶቹ። ከሶፋው ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው።

ደም ግፊት ስላለበት ስትሮክ ነው ብዬ አምቡላንስ ጠራሁ። አብረውን የሚኖሩት እናቱ እማማ በለጡም ተከትለውን ሆስፒታል ገቡ።

ሐኪሟ ዛሬ ምን እንደበላ ጠየቀችው። «ሽሮ» አላት። ዓይኑ ግን እናቱ ላይ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ እንኳን አዋቂ ሕፃን የሚጾመው ጾም። እማማ ደግሞ ብዙ ዓመት ለንደን ስለኖሩ፣ እንግሊዝኛ ባይናገሩም አንድ ቃል አያመልጣቸውም። ሐኪሟ ደግማ ጠየቀች። አሁንም ሽሮ አለ። አፉ ተሳሰረ። ትንፋሹ አጠረ። ፈራሁ።

እማማ እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ሽሮው እንደሄደ ተመልሷል፤ ምሳ ዕቃህን ከፍቼ አይቻለሁ። ጾሙን ለንስሐ አባትህ ትናገራለህ። የበላኸውን ለሐኪሟ ንገራት።»

ያኔ ተናገረ። ከሥራ ጓደኛው ከግርማ ጋር ባሕር ዳርቻ ውለው፣ መስል የሚባለውን ባለጥቁር ዛጎል የባሕር እንስሳ ከድንጋይ ላይ ለቅመው፣ ቀቅለው በሚጥሚጣ በልተዋል። በጾም ይቅርና በፍስክም የማንበላው ነገር ነው።

ሐኪሟ ወዲያው «ሌላ ማን በላ?» አለች።

ግርማ ሃክኒ የሚባል የለንደን ሰፈር ብቻውን ነው የሚኖረው። ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አያነሳም። ሰው እንዲልኩለት አድራሻውን ለሐኪሞቹ ሰጠኋቸው።

ተስፋዬ መተንፈስ አቃተው። ቱቦ አስገቡለት። ቬንቲሌተር ላይ ሆነ። ደረቱን የሚያነሳው ማሽኑ ነበር።

ሕመሙ ፓራሊቲክ ሼልፊሽ ፖይዝኒንግ ይባላል፤ ከባለዛጎል የባሕር እንስሳ የሚመጣ፣ ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ መመረዝ ነው። አንዳንድ ጊዜ ባሕር ውስጥ አልጌ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ መርዛማ ፍጥረት ይበዛል፤ መስል ውሃውን እያጣራ ሲመገብ ሳክሲቶክሲን የተባለውን መርዝ ሰውነቱ ውስጥ ያጠራቅማል። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ቢቀቀልም አይጠፋም። «ማርከሻ መድኃኒት የለንም፤ መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ እኛ እንተነፍስለታለን» አለችኝ ሐኪሟ። ይህን አነጋገሯን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ግርማን በሩን ሰብረው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ አገኙት። በኋላ እንደነገረን ስልኩ ሲጮኽ ይሰማ ነበር፤ እጁ ግን አልታዘዘውም።

ሁለቱም ዳኑ። ቱቦው ወጥቶ ተስፋዬ በራሱ መተንፈስ ሲጀምር አለቀስኩ፤ ድምፁ ተመልሶ፣ እግሩ ጠንቶ፣ ኮሪደሩን ተደግፎኝ መራመድ ሲችል ደግሞ እማማ «ከዚህስ አሳማ ይሻልህ ነበር» ብለው እስከ መቀለድ ደረሱ። ዛሬ እሱና ግርማ በሞቃቱ ወራት ወደዚያው ዳርቻ እየሄዱ ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር በበጎ ፈቃደኝነት ይሠራሉ፤ የባሕር ውሃ በረቂቅ መረብ አጣርተው፣ በማይክሮስኮፕ አይተው፣ መርዛማው አልጌ ከታየ ናሙናውን ለላቦራቶሪ ይልካሉ፣ ማስጠንቀቂያም ይሰቅላሉ። በዚያ እሑድም ዋናው መግቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ ተሰቅሎ ነበር፤ የእኛዎቹ ግን በአቋራጭ ገብተው ሳያዩት ቀሩ። አሁን አቋራጩ ላይ የሚሰቅለው ተስፋዬ ነው።

ይህን ለምታነቡ፦ ገበያ የሚቀርበው መስል የመጣበት ውሃ ምርመራ ይደረግበታል፤ ራሳችሁ የለቀማችሁትን ግን ማንም አላየላችሁም። ከበላችሁ በኋላ ከንፈር ወይም ምላስ ከደነዘዘ ያልፋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አምቡላንስ ጥሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የበላውን የደበቀ ደግሞ አብሮት የበላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። አስታማሚዎችም፣ ሕመምተኛው እናንተን አፍሮ ዝም ካለ እንደ እማማ አፉን ፍቱለት፤ ካልሆነላችሁ ክፍሉን ለቅቃችሁ ውጡ።

ሐኪሟን፣ ነርሶቹን፣ የግርማን በር የሰበሩትን ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ። እማማን ግን በምን ቃል ላመስግናቸው? ግርማ ለንደን ውስጥ ዘመድ የለውም። አሁን «እማዬ» እያለ በየቀኑ ይደውልላቸዋል፤ ሳይደውል ከዋለ እማማ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ሃክኒ ድረስ ሄደው፣ በሩን ያንኳኳሉ።