የአጽናኙ ጫማ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሌባ የገባበት ቤት ቀድሞ የሚደርሰው ፖሊስ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ሳጅን ማሩ ደግሞ እንጀራው የወንጀል ቦታ ማጠርና ማስረጃ መጠበቅ ነው። ቢጫ ጥብጣቡን ይዞ እስኪደርስ፣ ለተሰረቀ ሰው «ይተካልህ» ሳይሉ ማደር ነውር ነውና፣ ግማሽ ቀበሌ ግቢውን ረጋግጦ፣ የተሰበረውን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ እያዟዟረ ከንፈሩን ሲመጥ ያገኘዋል። እብናት መጋዘን ተሰብሮ ያጠረው ጥብጣብ ላይ ሴቶቹ ነጠላ አሰጡበት። ጉና ሥር በግ ሲሰረቅማ የተረፉት በጎች ጥብጣቡን ራሱን በልተው ጨረሱት። የጣቢያው አዛዥ መረራቸውና፣ «ማሩ፣ አንዲት ያልተረገጠች ዱካ አምጣልኝ፤ አለዚያ የጣቢያውን በር ስትጠብቅ ትኖራለህ» አሉት።

በነሐሴ ጭቃ የልብስ ሰፊዋ የከድጃ የስፌት መኪና ተሰረቀ። ለአረፋ የተቀበለችው የሰው ጨርቅ ተቆርጦ እንደተከመረ ነው። ሌባው የወጣበት መስኮት ሥር ግን፣ ተረከዙ በጎማ ቁራጭ የተጠገነ የጫማ ዱካ እንደ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ቀርቷል። ማሩ በደስታ ሊስመው ምንም አልቀረው። ፎቶ አንሺው ከጣቢያ እስኪመጣ ዝናብ እንዳያጠፋው ሳፋ ደፋበት፤ ዙሪያውንም አጠረ።

«ሳጅን፣ አደራ!» አለች ከድጃ ከውስጥ። «መኪናዬ ካልተገኘች ለሰዉ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ወዲያው ጎረቤቷ እማማ አሰለፈች ድፏቸውን ታቅፈው መጡና በጥብጣቡ ሥር ሾልከው ሳፋው ላይ ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ ይነሡ እንጂ! ማስረጃ እኮ ነው!»

«ምን አረግሁት? ተቀመጥሁበት እንጂ አልነካሁት! ይልቅ አንተ ግባና ይተካልሽ በላት። እንደ ግንድ ደጅ ተገትረህ ታሳፍረናለህ?»

ማሩ አፈረ። ቦቲውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ገባ። ውስጥ ደላላው ዓለምነው ደረቱን ይደቃል፤ «ምነው የኔን ቤት በሰበረው! ምነው የኔን!» ከከድጃ ይልቅ እሱን የሚያባብለው በዝቷል። ማሩም አባበለው።

ሲወጣ ቦቲውን ሊያነሣ ጎንበስ ቢል፣ ደጃፉ ላይ ከተደረደረው ጫማ መሀል ተረከዙ በጎማ የተጠገነ አየ። ከፍ አድርጎ ያዘና ጮኸ፦

«የማን ነው ይሄ?»

«የኔ ነው ወንድሜ፣ አደራ ከሰው እንዳይቀያየር» አለ ዓለምነው ከነእንባው።

ከዚያ ለቅሶው ቀጥ አለ። ዘሎ ወጣ፤ እግሩ ያገኘውን የማሩን ቦቲ አጥልቆ ነጎደ። ማሩም የቀረለትን የሌባውን ጫማ አጥልቆ ተከተለ። እማማ አሰለፈች ግርግሩን በደንብ ሊያዩ ሳፋቸውን አንሥተው ወደ በሩ ተጠግተው ነበርና፣ ማሩ መጀመሪያ የረገጠው ዱካውን ነው።

ቦቲው ለዓለምነው ሰፋው። ቁልቁለቱ ላይ ተደፋና ለማጽናናት ሽቅብ ይመጡ የነበሩ ሰዎች ከነድፏቸው ላዩ ላይ ወደቁበት። መኪናው እናቱ ቤት፣ ገለባ ሥር ተገኘ። ከድጃ ማታውኑ ስፌቷን ጀመረች።

አዛዡ ግን ጠየቁ። «ዱካውስ?»

«ረገጥሁት ጌታዬ።»

«በምን?»

«በሌባው ጫማ።»

«በል፣ መኪናው የተገኘበትን ቤት እንኳ ጠብቅ» አሉት አዛዡ።

በማግስቱ ያ ሁሉ ጎረቤት ድፎውን ይዞ የዓለምነውን እናት «ልጅሽን ያስፈታልሽ» ሊል መጣ። ማሩ ጥብጣቡን ከኪሱ አላወጣም። ቦቲውን በብብቱ ሸጉጦ በሩ ላይ ቆመ።

«ጫማ እያወለቃችሁ! አንድ ባንድ!»

እማማ አሰለፈች አውልቀው አስረከቡት፤ ቤቱን ዙሪያውን ቃኙና፣ «ሳፋ የላችሁም?» አሉ።