ማር የነካው አውራ ጣት

እናቴ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ የሌላ ሰው ልጅ ያጠባች ዕለት አንጀቴ አረረ።

ልጅቷ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። እናቷ ከእናቴ ጋር እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ ሞተች፤ ዘመድ ነኝ ያለ ጠፋ። ቀበሌው ልጅቷ ለዘለቄታው ለመንግሥት ማሳደጊያ እንድትሰጥ ፍርድ ቤት አመለከተ። እናቴ ግን ቄሱንና ሽማግሌዎችን ጠርታ የጡት ልጇ አደረገቻት። በአገራችን ወግ ከአውራ ጣት ማር የጠባ ልጅ እንደ ወለዱት ይቆጠራል። ማሩ ከደቅ ደሴት የመጣ ነጭ ማር ነበር። እኔ ጣቴን ወደ ሳህኑ ብሰድ ተመታሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ጠባች፣ ቄሱ «ይበቃል» እስኪሏት አልለቀቀችም። ስግብግብ!

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእሷ ሆነ። በጊዮርጊስ በኩል ባለፍሁ ቁጥር፣ ማሳደጊያው ይውሰዳት እንጂ ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ተሳልሁ።

በቀጠሮው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ችሎት ፊት ተነሣ። «ይህች ሴትዮ ልጅ አምሯት አይደለም፤ ቤተሰቧን አብዝታ ከቀበሌው ሱቅ ተጨማሪ የራሽን ስኳር ልትቀበልበት ነው» አለ። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ደስ አለኝ።

ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ። ይቺ ልጅ ከእናትሽ ጋር እንዴት ናት?»

ስለቴ ሰመረ ብዬ አፌን ከፈትሁ።

«ክፉ ናት ጌታዬ! እናቴ ጎን የምትተኛው እሷ ናት፤ እኔ እግርጌ ተጣልሁ። ጸጉር ሲሠራም መጀመሪያ እሷ ናት። እሷ ስታስል እናቴ አቅፋት ታድራለች፤ እኔ ሳስል ግን ‹ቀስ በይ፣ ልጄን ትቀሰቅሻታለሽ› ትለኛለች። ልጄን አለቻት! ውሰዱልኝ!»

ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ሊቀመንበሩን አዩት።

«ሰማህ? ለስኳር ብሎ እንዲህ የሚያደርግ አለ?»

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፤ ልጅቷ ከእናቴ ጋር እንድትኖር ተፈረደ።

ያስቀረኋት እኔው ነኝ ማለት ነው። አሁን እህቴ ናት፤ እወዳታለሁም። የዚያን ዕለት ግን በሐይቁ ዳር ስንመለስ እናቴ መካከል ሆና ሁለታችንንም ይዛን ነበር። እኔን የያዘችኝ በግራ እጇ ነው። ማር የነካው አውራ ጣት በልጅቷ መዳፍ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እቀናለሁ።