ለስልጠና ነው ያልኩት የዳንስ ሳምንት

ውሸቴን የጀመርኩት ጂንካ፣ ወጥ ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ሳለ ነው። «ለአሥር ቀን ስፔን ልሄድ ነው» አልኳት። እጇን ሳታቆም «ምን ልታደርጊ?» አለችኝ። ያን ጊዜ «ዳንስ ልማር» ብያት ቢሆን ኖሮ ትቆጣኝ፣ ሁለት ቀን ታኮርፈኝና ነገሩ ያበቃ ነበር። እኔ ግን «ለስልጠና» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ሲያመልጥ በደንብ ታውቆኛል፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ሳለ ልመልሰው እችል ነበር፣ አልመለስኩትም።

በእኛ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ከአገር ከወጣ የሚወጣው ለስልጠና ነው። ወይ ለስልጠና፣ ወይ ለሕክምና፣ ወይ ላይመለስ። ለዕረፍት ብሎ ነገር የለም። ቱሪስት ማለት ለእኛ የሚመጣ ሰው ነው እንጂ የሚሄድ አይደለም፤ በላንድክሩዘር ይመጣል፣ ካኮ ገበያ ላይ ይወርዳል፣ ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል። አርባ ዓመት ያለፋት የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ያውም የመዘምራን አባል፣ ተነስታ «በእግሬ መሬት ልመታ ባሕር ማዶ እሄዳለሁ» ብትል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነክቷታል ብሎ ነው።

የእኛ ቤት ጭፈራ አያውቅም። እናቴና አባቴ ከጎፋ ተነስተው ጂንካ ሲሰፍሩ ይዘው የመጡት አንድ ፍራሽና ጌታን ነው፤ እናቴ ራሷ ናት እንዲህ የምትለው። ልጅ ሆኜ የበና ሴቶች ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ የእግራቸው አልቦ ሲጋጭ ድምፁ ደስ ስለሚለኝ እከተላቸው ነበር። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ነው ወደ ቤት የምትመልሰኝ።

ግብዣው የመጣው ከአንዲት ስፔናዊት ነው። ስለ ጸማይ ከብት አርቢዎች ልታጠና መጥታ ሁለት ወር አስተርጓሚዋ ሆንኩ፤ የመጀመሪያ ምድቤ ወይጦ ስለነበር ጸማይኛ እችላለሁ። አንድ ቀን ከአርቦሬ ስንመለስ ጎማችን ፈነዳ። ሾፌሩ እስኪቀይር ሴትዮዋ ስልችት አላትና አስፋልቱ መሃል ገብታ በቆዳ ጫማዋ መርገጥ ጀመረች። ወገቧ ቀጥ፣ አገጯ ወደ ላይ፣ እግሯ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሾፌሩ የጎማ መፍቻውን ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔ ሳቅኩ፣ ውስጤ ግን ቅናት ገባ። ልናገረው እንጂ፣ ቅናት ነበር። የስልሳ ዓመት ሴት ማንንም ይቅርታ ሳትጠይቅ መሬቱን ስትረግጠው አይቼ ቀናሁባት። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ፍላሜንኮ፣ የአገሬ ጭፈራ ነው» አለችኝ። አገሯ በተመለሰች በዓመቱ ትኬትና የጥሪ ወረቀት ላከችልኝ፤ አንድ ሳምንት ሴቪያ ከተማ፣ የጀማሪዎች ትምህርት።

እንግዲህ እናቴ የረቡዕ የእህቶች ጸሎት መሪ ናት። አሥራ ስድስት ዓመት መርታዋለች። ውሸቴን ተቀብላ ወዲያው ወደዚያ ይዛው ሄደች፣ ያውም ጨምራበት። «ልጄ ውጭ አገር ለስልጠና ተመርጣለች» ብላ አስታወቀች። ከመሄዴ በፊት ባለው ረቡዕ መሃላቸው አንበረከኩኝ፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አእምሮዋን ክፈትላት፣ ትምህርቱን ግለጥላት፣ ለሌሎች የምታካፍል አድርጋት አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ያን አሜን ያልኩት እንዴት አድርጌ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፍርሃቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ እንዳታውቅ። ከመዘምራን ቢያግዱኝ እችለዋለሁ፣ ታግደው የተመለሱ ስንት አሉ። እናቴ ግን በእኔ ምክንያት በእነዚያ ሴቶች ፊት አንገቷን ስትደፋ ማየት አልችልም ነበር።

ሴቪያ የደረስኩት እንዲህ ሆኜ ነው። የዳንስ ትምህርት ቤቱ ወለል ጣውላ፣ ግድግዳው መስታወት ነው። ራሴን የማላይበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። የሚያስተምሩን ቀጭን፣ ድምፃቸው የጎረነነ ትልቅ ሴት ናቸው። ከደቡብ ኦሞ መምጣቴን ሲሰሙ ደስ አላቸውና ስልካቸውን አወጡ፤ የሐመር ጎረምሶች ሲዘሉ የሚያሳይ ፎቶ ነው። «እስቲ ይህን አሳዪን» አሉኝ፣ ስፔናዊቷ ወዳጄ እየተረጎመችልኝ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፣ ዘልዬ አላውቅም ብዬ አስረዳሁ። ዓይን አፋር ናት ብለው ተሳሳቁ እንጂ አንድም ሰው አላመነኝም።

ጫማው ተረከዙም ጫፉም ላይ ሚስማር ተመቶበታል። ምቱን እስከ አሥራ ሁለት ይቆጥራሉ፣ ግን ከአንድ አይጀምሩም፤ ምክንያቱን ብጠይቅ «እንዲህ ነው» ተባልኩ። ጭብጨባው ላይ የሚደርስብኝ አልነበረም፣ ሃያ ዓመት በመዘምራን መሃል ያጨበጨበ እጅ ነው። እግሬ ሲደርስ ነው ጉዱ። እረግጣለሁ እላለሁ፣ ድምፅ የለም። አንገቴም እየወረደ አስቸገረኝ። አስተማሪዋ መጥተው አገጬን በጣታቸው ቀና ያደርጉታል፣ ዘወር ሲሉ ተመልሶ ይወርዳል። «ወለሉን የምትለማመጪው ምን በድለሽው ነው?» አሉኝ። ወለሉን አልበደልኩም። በማን ፊት እንደምፈራ ግን አልነገርኳቸውም፤ በር በተከፈተ ቁጥር የጂንካ ሰው የሚገባ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር።

ረቡዕ ለሻይ ስንወጣ እናቴ ደወለች።

«ስልጠናው ከበደሽ እንዴ? ትንፋሽሽ ይቆራረጣል» አለችኝ።

«ትንሽ ይከብዳል፣ እማዬ።»

«አይዞሽ። እህቶች ዛሬ ላንቺ ጾመው ነበር። አሁን ገና ነው የፈታነው።»

እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ የድንጋይ ወንበር ነበር፣ ተቀመጥኩበት። ከነዚያ ሴቶች መሃል ስኳር ያለባት አለች፤ እሷም ጾማ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አልጠየቅኩም። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኩ። «ምን ሆንሽ?» አለች፣ ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። እኔም «አይ፣ ብርድ ነው፣ ብርዱ በዛብኝ» ብዬ ስለ ብርድ አወራኋት። ሹራብ ደርቢ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ገብቼ ስቆም በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ጊታሩ ተጀመረ፣ እኔም ወለሉን መታሁት። ደግሜ መታሁት። ጣውላው ጮኸ። አንቺ ውሸታም፣ አንቺ ፈሪ፣ ስኳር ያለባትን ሴት ያስጾምሽ እያልኩ ነበር የምረግጠው። አስተማሪዋ ጭብጨባቸውን አቁመው አዩኝና «እንዲህ ነው፣ አሁን መጣ» አሉ። ሌሎቹም አጨበጨቡልኝ። ላብና እንባዬን አንድ ላይ ጠረግሁት፤ ማንም አልለየውም። ምን እዋሻለሁ፣ እዚያ መሃል ደስ ብሎኛልም።

ዓርብ ከሰዓት በግቢው ብርቱካን ዛፍ ሥር የተማርነውን አሳየን። ወዳጄን ቪዲዮ አታንሺኝ አላልኳትም። ብላት ለምን ትለኛለች፣ ለምን ካለችኝ እናቴን መዋሸቴ ሊወጣ ነው፤ አፈርኳት። ማታ እራት ላይ እየሳቀች «ለሾፌራችን ላክሁለት፣ ጎማ የቀየረ ዕለት አብሮን ነበር እኮ» አለችኝ።

ያን ሾፌር አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው መርጦ ነው የሚያሳየው፤ እሱ ኮርቶብኝ ላገኘው ሁሉ አሳየ። ደውዬ «እባክህን አጥፋው» ብለው «ምን ነካሽ እህቴ፣ ጂንካ እኮ ኮራብሽ፣ ገበያውም መናኸሪያውም ያንቺ ወሬ ነው» አለኝ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለእኔ ነው። ቅዳሜ ለእናቴ ደወልኩ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። እሑድም እንደዚሁ። አዲስ አበባ ደርሼ የጂንካን አውሮፕላን እስክጠብቅ ስድስት ጊዜ ሞከርኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ተነስታ ሳመችኝ። «እህል ቀምሰሻል?» አለች፣ አቀረበች፣ በላሁ። «እማዬ» አልኩ። «ደክሞሻል፣ ተኚ» አለችኝ። በማግስቱም ተመሳሳይ፣ በሦስተኛውም። ብትሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ። የመዘምራን መሪው «ለጊዜው ከምእመናን ጋር ብትቀመጪ» ብሎ መልእክት ላከልኝ፤ ሳነበው እፎይ ነው ያልኩት፣ ቅጣቴ ይህ ከሆነ አልፏል ብዬ።

እሑድ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ጭፈራዬን ልታወጣው ነው አልኩ በልቤ።

«ልጄ ጨፈረች ይላሉ» አለች። «እሱን ከጌታ ጋር ትጨርሰው፣ ትልቅ ሰው ናት። እኔ የቆምኩት ለራሴ ነው። ለስልጠና ብዬ አስጾምኳችሁ፣ ስልጠና አልነበረም። እግዚአብሔርን ባልሆነ ነገር አመሰገንኩት፣ እናንተንም አሜን አስባልኩ። ይቅር በሉኝ። የረቡዕን ጸሎት ከእንግዲህ ሌላ እህት ትምራው።»

መጋቢው ደንግጠው «እናታችን፣ እርስዎ ምን አጠፉ፣ አላወቁም» አሏት። «አፉ የእኔ ነበር» አለችና ተቀመጠች። ስለ ጭፈራው ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልወጣትም። ልቤ «ተነሺ፣ አጥፊዋ እኔ ነኝ በዪ» ይለኛል፤ አልተነሳሁም። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ አቀርቅሬ ተቀምጬ ቀረሁ። ቤት ገብቼ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ይቅር ብያለሁ» አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ቂም አታውቅም።

እኔ ከሦስት ወር በኋላ ወደ መዘምራን ተመለስኩ። እሷ የረቡዕን ጸሎት ስንቴ ቢለምኗት አልመለስ አለች፤ ትሄዳለች፣ ኋላ ትቀመጣለች፣ አሜን ትላለች።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። በቅርቡ ትምህርት ቤቱ አርባ ምንጭ ላከኝ፣ የእውነት ስልጠና፣ አምስት ቀን። ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበታት ስገባ «ጸልዪልኝ» አልኳት። «ደብዳቤ ሰጥተውሻል?» አለች። አውጥቼ ሰጠኋት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ገለባበጠችው፣ ማኅተሙን ፈልጋ አገኘችና «ይሄ የእነሱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ እማዬ» አልኳት። ጣቷን ማኅተሙ ላይ እንዳደረገች ዓይኗን ጨፈነች፣ ጸሎቷንም ጀመረች።