ስምማ ሌባም ያውቃል

«ዘሀራ ነኝ» ይላል ኢሜይሉ። «ስልኬ ጠፍቶብኛል፤ ይህ አዲሱ አድራሻዬ ነው። ደኅና ነኝ። እባክሽ መልሺልኝ።» ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ሰላምታ የለው፣ የአገር ስም የለው፣ የት እንዳለች የሚጠቁም አንድ ቃል የለው። አድራሻውም የሰው ስም ሳይሆን የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ነው።

አላመንኩትም። ቶሎ ማመን በዘራችን የለም።

የምሠራው አሶሳ፣ መስኮቱ ወደ ማንጎ ዛፍ በሚከፈት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። በዚያው ሳምንት ስለ አጭበርባሪ ኢሜይሎች ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ለግላጋ ወጣት ነው፤ ላኪውን እንድንመረምር፣ የሚያስቸኩል ነገር ሲመጣ ቆም እንድንል፣ ያልጠበቅነውን ሊንክ እንዳንነካ ደጋግሞ ነገረን። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ትምህርቱ ሳይበርድባት ኖሮ አንገቷን አስግጋ አነበበችና «እትዬ ዘውዴ፣ ያጥፉት እንጂ፤ ይሄማ የለየለት ነው» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ዘሀራ አግብታ ደማዚን ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው። ሱዳን ከታመሰች ወዲህ ደግሞ ስልኳ አይጠራም። በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል የመጡትን ሁሉ ጠይቄ ነበር፤ አየኋት የሚል አልተገኘም። ሌባ ደግሞ የሚፈልገው እንደኔ ያለውን ሰው ነው፤ አንድ ስም ለመስማት ጆሮው የቆመውን። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ሳለሁ ግን የዘሀራ እናት፣ እማ ሀዋ፣ ትዝ አሉኝ።

ነገሩ የሆነው ሁለታችንም ገና ልጃገረዶች ሳለን፣ ኢሜይልም ለአሶሳ እንግዳ በነበረበት ጊዜ ነው። ዘሀራ የሆሞሻ ልጅ ናት። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከአባቴ ጋር ሰሊጥ ይነግዱ ስለነበር፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ እኛ ቤት ተቀምጣ አሶሳ ተማረች። እኔ በአንድ አልጋ ከእሷ ጋር አድጌ እንዴት በጠባይ እንደተራራቅን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሷ የነገሯትን ሁሉ ታምናለች። እኔ ቲማቲም እንኳ ስገዛ ከሥር ያለውን ገልብጬ ካላየሁ አልከፍልም።

ይህን ጠባይ የወረስኩት ከአባቴ ነው። ቤተሰቤ በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። አባቴን ሲያመጡት «ቤቱ ተሠርቶ፣ በሬው ተጠምዶ ይጠብቅሃል፤ ቶሎ በል፣ መኪናው ሊነሳ ነው» ብለውት ነበር። የጠበቀው ቀርከሃና ከቁመቱ የሚበልጥ ሣር ነው። አገሩን በኋላ ወደደው፤ ቀብሩም እዚሁ ነው። ግን እስኪሞት ድረስ «የሚያስቸኩልሽ ሰው፣ እንዳታይበት የፈለገው ነገር አለ» ይለኝ ነበር። ዘሀራ በዚህ ነገራችን ትስቃለች። «አንቺ ወላሂ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» ትለኝ ነበር።

ያኔ ኢንተርኔት የሚገኘው ገበያው አጠገብ በነበረች አንዲት ጠባብ ቤት ነበር። ባለቤቱ ኮምፒውተሮቹን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ ነው የሚያሳድራቸው። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ማንጎ ልጦ በልቶ እጁን ታጥቦ ይመለሳል። ዘሀራ እየቆጠበች የምትመጣው ለታላቅ ወንድሟ ለኢድሪስ ለመጻፍ ነው። ኢድሪስ ካርቱም ነበር የሚሠራው። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈ፣ ዐረብኛ ጣል እያደረገበት፣ «ያ ኡኽቲ»፣ እህቴ ሆይ፣ ብሎ ይጀምርና ከእናቱ እስከ ጎረቤት ፍየሎች ድረስ የሁሉን ጤና ይጠይቃል። ወደ ጉዳዩ የሚገባው የከፈልንበት ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው።

ሰኔ መግቢያ ላይ የመጣው ኢሜይል ግን ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነበር። የፍየሎቹም ነገር አልተነሳም። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼልሻለሁ ይላል። ከታች ያለውን ሊንክ ተጭነሽ ኢሜይልሽንና የይለፍ ቃልሽን አስገቢ፤ የመመዝገቢያውን ገንዘብም ሰሞኑን ላኪ፤ ቀኑ እያለቀ ነው፤ እስኪሳካ ድረስ ለማንም አትንገሪ።

ዘሀራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ገንዘቡ ነበራት። እማ ሀዋ በጋ በጋ ከወንዝ አሸዋ እያጠቡ ያጠራቀሙትን ወርቅ ሸጠው፣ ዘሀራ ክረምቱ ሲወጣ ግልገል በለስ መምህራን ኮሌጅ እንድትገባ አስቀምጠውላት ነበር። ኮሌጁ ተቀብሏታል። ያ ገንዘብ ከሄደ ግን ግልገል በለስ የለም፤ ሌላ የሚሸጥ ወርቅም የለም። እሷም ሆሞሻ ተመልሳ የሚያጫትን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እጄን እጇ ላይ ጫንኩ። «ተይ፣ አትንኪው።»

«ለምን?»

«‹ለማንም አትንገሪ› የሚል ወንድም ምን ዓይነት ወንድም ነው? ደግሞስ ኢድሪስ ከመቼ ወዲህ ነው በእንግሊዝኛ የሚያወራሽ?»

«አድራሻው የራሱ ነው። እዪው።»

አየሁት፤ የራሱ ነበር። ቀስቱን ሊንኩ ላይ ሳሳርፈው ከታች ብቅ ያለው ስም ከየትኛውም ትምህርት ቤት ጋር የሚገናኝ አልነበረም፤ እሷ ግን ይህን ለማየት ፈቃደኛ አልሆነችም። እጄን ገፍታ ልትጫነው ስትል መብራት ሄደ። የአሶሳ መብራት ያን ቀን የዋለልኝን ውለታ ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ውሎልኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ዘሀራ ገንዘቡን ልታመጣ ወደ ሆሞሻ ተነሳች። እኔም ሳልጋበዝ ተከተልኳት። ከከተማው ዳር፣ መኪና የሚጠበቅበት ቦታ ላይ፣ ከማንጎዎቹ ሥር ቆምን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የረገፈው ማንጎ ቀዩ ጭቃ ላይ ተኝቶ መሽተት ጀምሯል፤ ዝንቡም ለጉድ ነው። ዘሀራ አንድ ደህና ማንጎ አንስታ በጥርሷ ልጣ ትመጥ ጀመር። አታየኝም።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች በኋላ። «ቅናት ነው አይደል? አንቺን ኮሌጁ ስላልተቀበለሽ ነው።»

እውነት ነው፣ አልተቀበለኝም። ቁስሉም ገና ትኩስ ነበር።

«ቅናትም አለኝ» አልኳት። «ሰውየው ግን ሌባ ነው።»

የመጠጠችውን የማንጎ ፍሬ ወረወረችብኝና ግንባሬን አለኝ። ጭማቂው በቅንድቤ ላይ ወረደ። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። መኪናው መጣና ከኋላ ተሳፍረን፣ ፊታችንን ወደየግራና ቀኙ ቀርከሃ አዙረን፣ ሆሞሻ ደረስን።

እማ ሀዋ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልን። አማርኛቸው ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ግንባሬን አይተው «ዘውዲ፣ አንተ ምን ሆነ?» ሲሉኝ «ማንጎ ከዛፍ ወድቆብኝ ነው» አልኳቸው። ዘሀራ ገንፎዋን አተኩራ ታይ ነበር።

ከዚያ ዜናውን ነገረቻቸው። እኔ በእልልታ የሚነሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ታጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ «ምልክቱስ?» አሉ።

ምልክት ማለት በዚያ ወገን ሰው ሲላክ አብሮ የሚላክ ቃል ነው። ኩርሙክና ደማዚን የሚነግድ ባል ወይም ልጅ፣ መንገደኛ ሲያገኝ «ቤቴ ሂድና ይህን ተቀበልልኝ» ብሎ ይልከዋል። መንገደኛውን ቤተሰቡ አያውቀውም። ስለዚህ ላኪው ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይነግረዋል። የኢድሪስ ምልክት ኢብሪቁ ነበር። ከአገር በወጣ ጠዋት፣ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ እናቱን ሊሰናበት ሲል፣ ኢብሪቁን፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን፣ ረግጦ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። ሊያለቅሱ የተዘጋጁት እማ ሀዋ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ ኢድሪስ የላከው ሰው ሁሉ «ኢብሪቁን የረገጠው ልጅ ልኮኝ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ በኢድሪስ ስም አንድ ኩንታል ሰሊጥ ሊወስድ የመጣ ሰው ይህን አላወቀም። እማ ሀዋ ገንፎ አብልተው፣ ውሃ አጠጥተው፣ መርቀው፣ ባዶ እጁን ሸኙት።

«እማ፣ ይሄ ኢሜይል ነው» አለች ዘሀራ። «ምልክት አያስፈልገውም። ስሙ ራሱ ተጽፎበታል።»

«ስምማ ሌባም ያውቃል» አሉ እማ ሀዋ። «ገንዘብ ያንተ ነው፣ ዘሀራ። እኔ አልከለክልም። ግን አማና ነው፣ አደራ። መጀመሪያ አንተ ምልክት ጠይቀው። ኢድሪስ ከሆነ ይናገራል፣ አይቆጣም።»

ዘሀራ ከእኔ ጋር ትጨቃጨቃለች እንጂ ከእናቷ ጋር አትችልም። ወደ አሶሳ ተመለስን። ሊንኩን ሳትነካ፣ በኢድሪስ ልማድ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ቃል ጻፈች፦ «ምልክቱስ?»

መልሱ እዚያው ተቀምጠን ሳለ መጣ። ይህም ራሱ አጠራጠረኝ፤ ኢድሪስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመለሰ ቶሎ መለሰ የሚባል ሰው ነበር። አሁንም በእንግሊዝኛ ነው። ያልሽው አልገባኝም፣ ለጨዋታ ጊዜ የለንም፣ ዛሬ ካልከፈልሽ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል፣ ስላንቺ ስለደከምኩት ልታሳፍሪኝ ነው ወይ ይላል።

ዘሀራ አንዴ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችና «ወንድሜ አይደለም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ታዲያ ኢድሪስ ምን ሆኖ ነው ብላ ፈራች። እኔም ፈራሁ። አሸነፍኩ ብዬ ልደሰት አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

ፍርሃታችን የወጣልን አንድ ጨው ነጋዴ በኩርሙክ በኩል ሆሞሻ ሲገባ ነው። «ኢብሪቁን የረገጠው ልጅ ልኮኝ ነው» አላቸው ለእማ ሀዋ። ኢድሪስ ደኅና ነው። እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ሊንክ ተጭኖ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ፣ ሌቦች ኢሜይሉን ቀምተውታል። በስሜ የሚመጣውን እንዳትሰሙ ብሏል። ኢሜይሉ በደቂቃ የዋሸንን፣ ነጋዴው በእግርና በመኪና ተጉዞ አቃናልን።

መስከረም ላይ ዘሀራን አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ያኔ ከአሶሳ ግልገል በለስ ለመድረስ ወለጋን መዞር ግድ ነበር፤ ሩቅ ነው። ሻንጣዋ ከላይ ታስሮ፣ ረዳቱ እየጮኸ፣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አንቺና እኔም ይኑረን» አለችኝ።

«ምን?»

«ምልክት። ማንጎው ይሁን።»

ይቅርታ አላለችኝም፤ አላስፈለገም። እኔም በቀጣዩ ዓመት ሌላ ኮሌጅ ገባሁ። እሷ መምህር ሆነች፣ ቡለን አስተማረች፣ አገባች፣ ድንበር ተሻገረች። ምልክታችንን አንድ ቀን እንኳ ሳንጠቀምበት ይህ ሁሉ ዘመን አለፈ። ለምን ያስፈልገናል? ድምፅዋን አውቀው ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ጣቴን ከማጥፊያው ላይ ያነሳሁት ለዚህ ነው። የሚጫን ሊንክ የለውም፤ ገንዘብም አልጠየቀም። ሌባ መጀመሪያ እንዲህ አድርጎ እንደሚያለማምድ ግን ሠልጥነናል። ስለዚህ ሰላምታም ሳልጨምር፣ ስሜንም ሳልጽፍ፣ አንድ ቃል ላክሁ፦ «ምልክቱስ?»

መልሱ አልመጣም። ቀን ቆጠርኩ። «ለጨዋታ ጊዜ የለንም» የሚል ነገር እንዳይመጣ ፈራሁ። እንዲያ ካለ ዘሀራን ለሁለተኛ ጊዜ ማጣቴ ነው። ለሰዎች የተጠራጣሪ ልብ ደረቅ ይመስላቸዋል፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት አጥብቄ መታለል ፈልጌ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ።

«ማንጎው» ይላል። «አሁን ግን ተራው ያንቺ ነው። አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ? ማንጎው የት አረፈ?»

ሥራ ቦታዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ደንግጣ «እትዬ ዘውዴ፣ ገንዘብ ወሰዱብዎት እንዴ?» አለችኝ። ራሴን ነቅንቄ፣ «ግንባሬ ላይ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተጻጽፈናል። ልጆቿ አብረዋት ናቸው፤ የቀረውን ቀስ በቀስ ትነግረኛለች። የነገሯትን ሁሉ ታምን የነበረችው ዘሀራ እኔን እንኳ መልሳ መጠየቅ ከየት እንደተማረች ግን ገና አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ማንጎውን እዚህ ከጻፍኩት ወዲህ ለምልክትነት አይሆንም። አዲስ ይዘናል።